በተመልካቹ ቀኝ

«ሞቷል ቲቸር። ይሄ ቧንቧ አብቅቶለታል» አለ ወንድሜ፣ ቧንቧውን በዓይኑ ሳያየው። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የቧንቧ መገጣጠሚያዎችን በየመጠናቸው እየለየሁ ነበር፤ እጄ ሥራው ላይ ቢሆንም ጆሮዬ ወደ ባንኮኒው ሄደ። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናቸው። ግማሹ የሰፈሩ ሰው ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ስለሆነ ትልቁም ትንሹም «ቲቸር» ነው የሚላቸው። የኩሽናቸው ቧንቧ ጠበቅ አድርገው ሲዘጉት እንደሚተው፣ ትንሽ ላላ ሲል ግን ጠብ ጠብ እንደሚል ረጋ ብለው አስረዱት። በዚህ ሙያ አንድ ዓመት የቆየ ሰው ይህን ሲሰማ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ ተበልታለች። ጎሚኒ ማለት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ክብ ላስቲክ ናት፣ ዋጋዋ ከአንድ ክብሪት አይበልጥም። ወንድሜ ያወረደላቸው የሚያብረቀርቅ አዲስ ቧንቧ ደግሞ የአንድ ጡረተኛ የሳምንት አስቤዛ ይበላል። ቲቸር ቦርሳቸውን ከፈቱ። እኔም አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝና መልሼ ዘጋሁት።

«እህቴ ከሰዓት መጥታ ትገጥምልዎታለች» አላቸው። እህቱ እኔው ነኝ።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በየሰው ቤት ሲንክ ሥር ተንበርክኬያለሁ። ሰፈሩ ስሜን ረስቶ «መፍቻ» ይለኛል፤ ከእጄ ስለማይጠፋ ነው። እኔም አልከፋኝም፣ ከዚህ የባሰ ቅጽል ስም ያላቸው አሉ። ሥራዬን አውቃለሁ። ይህን ስል እየተኩራራሁ አይደለም፤ ወይም እየተኩራራሁ ይሆናል፣ ቢሆንስ? ችግሩ ጉልበቴ ነው። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና «ከእንግዲህ መንበርከክ ይቅርብሽ» አለኝ፣ ጨው ይቅርብሽ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ። መንበርከክ የቀረባት የቧንቧ ሠራተኛ ምን ትሠራለች? ተቀምጣ ታስተምራለቻ! ቪዲዮ የጀመርኩት እንዲህ ነው። ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ እጄ የሚያውቀውን ለሰው ማስረከብ እፈልጋለሁ፤ ዘንድሮ ሌላ ምኞት የለኝም። ወንድሜ ሲሰማ ሳቀ። «ሰው ቧንቧው ሲበላሽ ሠራተኛ ይጠራል እንጂ ፊልም አይከፍትም» አለ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

አማካሪዬ የሱው ልጅ ናት። ኮሌጅ ትማራለች፣ ከትምህርት መልስ ሱቅ ትረዳናለች፣ ስልክ ላይ ጣቷ ከእኔ እጅ ይፈጥናል። የመጀመሪያውን ቪዲዮዬን አይታ «አክስቴ፣ ግንባርሽ ቆንጆ ነው፤ ቧንቧው ግን የት አለ?» አለችኝ። በሁለተኛው መስኮቱን ከኋላዬ አድርጌ ጥቁር ጥላ ሆኜ ወጣሁ፤ ብርሃን ከፊት እንጂ ከኋላ እንደማይሆን ያን ቀን ተማርኩ። በሦስተኛው ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ሥራቸው ጠይቄ ሰላምታ ስጨርስ ሁለት ደቂቃ አለፈ። «ሰላምታሽ ሳያልቅ ሰው ተሰናብቶሻል፤ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ተናገሪ» አለች። በአራተኛው የጎረቤት ብየዳ ድምፄን ዋጠው። በአምስተኛው ፊቴ አለ፣ እጄ የለም። ስድስተኛው ላይ ግን ብልጥ ሆንኩ። የውሃ መዝጊያውን መያዣው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አሰርኩት፣ ስልኩን ከፊት ለፊቴ አቆምኩ፣ ራሴን እያየሁ እንድቀርጽ በፊተኛው ካሜራ አደረግኩት። ፊቴም እጄም መዝጊያውም ገባ፣ ድምፁም ጥርት አለ። «ቧንቧ ከመፍታታችሁ በፊት ውሃውን እንዲህ ዝጉት» ብዬ አሳየሁ። ዘጠኝ መቶ ሰው አየው። ዘጠኝ መቶ! በሕይወቴ ዘጠኝ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሰምቶኝ አያውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ኩራት ኩራት እያለኝ ዋልኩ።

ቲቸር ቧንቧውን በገዙበት ቀን፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ምሳችንን ስንበላ የወንድሜ ልጅ ስልኳን እያየች ማኘክ አቆመች። «አክስቴ፣ አትደንግጪ» አለች። እንዲህ የተባለ ሰው የማይደነግጠው የት አገር እንደሆነ አላውቅም። ከስድስተኛው ቪዲዮ ሥር አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «መዝጊያውን ልክ እንዳሳየሽኝ አዞርኩት። አልዞር ሲለኝ ተዘግቷል ብዬ ቧንቧውን ፈታሁት። ኩሽናዬ ጎርፍ ሆነ፣ የታች ቤት ጣሪያ ራሰ። የማታውቂውን አታስተምሪ።» ከሥሯ ደግሞ የሳቅ መዓት። አንዱ «መጀመሪያ ቀኝና ግራዋን ትለይ» ብሏል።

ደሜ ፈላ። ሃያ አራት ዓመት መዝጊያ ስዘጋ አንድ ቀን ወደ ግራ አዙሬ አላውቅም፤ በእንቅልፌም ቢሆን ወደ ቀኝ ነው የማዞረው። «እስቲ ክፈችው» አልኳት። ከፈተችው። ተመለከትኩ። እጄ ወደ ግራ ይዞራል። መልሼ አየሁት፣ አሁንም ወደ ግራ። ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ሰው በገዛ ዓይኑ የገዛ እጁን ሲዋሽ ሲያይ ምን ይላል? ለሦስተኛ ጊዜ ሳየው ግን ሌላ ነገር ያዝኩ። ልጅ ሳለሁ ቆርቆሮ የቆረጠኝ ጠባሳ ያለው ግራ አውራ ጣቴ ላይ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ጠባሳው በቀኝ እጄ ላይ ሆኗል። ቱታዬ ደረት ላይ ያለው የሱቃችን ስምም ፊደሉ ተገልብጧል። «መስታወት ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ይሄ ስልክ ያነሣኝ እንደ መስታወት ነው!» የወንድሜ ልጅ ግንባሯን መታች። ፊተኛው ካሜራ እንዲህ እንደሚገለብጥ ታውቅ ነበር፤ ፊት ሲነሡ ማንም ልብ ስለማይለው ረስታው ነው። ፊት ቢገለበጥ ማን ይጎዳል? መዝጊያ ሲገለበጥ ግን የሰው ቤት ይጥለቀለቃል።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «አጥፊውና ይብቃሽ» አለ። «ስማችን ቱታሽ ላይ አለ።» እሱ ምሳውን አነሣ፣ ልጁ ወደ ስልኳ አቀረቀረች፣ እኔ ሳህኔን አጠብኩ። በቤታችን ጸጥታ ሲወርድ እንደዚህ ነው፣ ሁሉም የሚሠራው ሥራ ያገኛል። ሳህኑን እያጠብኩ ግን ነገሩ ጠራልኝ። እጄ አልተሳሳተም። የተሳሳተው አቀራረቤ ነው፣ አቀራረብ ደግሞ የሚማሩት ነገር ነው። ቪዲዮውን ወዲያው አጠፋሁት። ለሴትዮዋ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዛሬውኑ በትክክል አሳያለሁ፤ የረጠበውንም ጣሪያ መጥቼ አያለሁ» ብዬ ጻፍኩላት፣ የስልክ ቁጥሬን ጨምሬ። ከዚያ የመሣሪያ ሳጥኔንና የአዲሱን ቧንቧ ካርቶን ይዤ ወጣሁ። ስወጣ፣ ለምን እንደሆነ ሳላስብበት፣ ሱቁን ያቆመው አባታችን ከተወልን መሳቢያዎች ሁለት ጎሚኒ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ።

ቲቸር የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለም። በየፎቁ ቆም እያልኩ ወጣሁ። ኩሽናቸው ጠባብና ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ከሲንኩ በስተቀኝ ነው፣ ብርሃኑ እጅ ላይ በደንብ ያርፋል። እንደ ቪዲዮ ሠሪ ማየት መጀመሬን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ድሮ ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የውሃ መስመሩን ነበር። ማቀዝቀዣቸው እንደ አሮጌ አውቶቡስ ያጓራል። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ቧንቧውን ከፍቼ ዘጋሁት። ላላ ሳደርገው ጠብ፣ ጠበቅ ሳደርገው ዝም። ውሃውን ዘግቼ የቧንቧውን ራስ ፈታሁት። ጎሚኒዋ ጫፏ ተበልቶ፣ ደርቃ፣ ተሰንጥቃለች። መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው።

«ቲቸር፣ ቧንቧዎ አልሞተም። የሞተችው ይቺ ናት።»

መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ጎሚኒዋን አዩ፣ ቀጥሎ ካርቶኑን፣ ቀጥሎ እኔን። «ጠዋት ሱቅ ውስጥ ነበርሽ አይደል?» አሉ።

«ነበርኩ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ወንድሜ ነው» አልኩ። አፌ ውስጥ ሳለ በቂ ምክንያት ይመስል ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን አነሰ። ቲቸር አልተቆጡም። «እኔ ደግሞ ደንበኛችሁ ነኝ» አሉና ወንበር ሳቡልኝ። እውነቱን ለመናገር ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፍሬም፣ ጨርሼ ልተንፍስ ብዬ፣ የቪዲዮውን ነገር፣ ጎርፉን፣ የተገለበጠውን እጄን ሁሉ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ተነሥተው ከፊቴ ቆሙ።

«ቀኝ እጅሽን አንሺ» አሉ። አነሣሁ። እሳቸው ግራቸውን አንሥተዋል። «ሠላሳ አንድ ዓመት ከስድስት ዓመት ልጆች ፊት ቆሜ ‹ቀኝ› እያልኩ ያነሣሁት ግራዬን ነው። ለምን? እነሱ የሚያዩት እኔን ነዋ። ልጁ በአፌ ሳይሆን በዓይኑ ነው የሚከተለኝ። መጀመሪያ ዓመት ላይ ቀኜን አንሥቼ ክፍሉ በሙሉ ግራውን ሲያነሣ ልጆቹ ደደብ መስለውኝ ነበር።» ከዚያ ከኋላዬ ዞረው መጡና በትከሻዬ ላይ ጎንበስ አሉ። «ፊደል ሳስጽፍ ደግሞ እንደዚህ ነበር የምቆመው። ከዚህ ሆኜ የማየው አንቺ የምታዪውን ነው። ሰዎችሽን ለምን ከፊት ለፊትሽ ታቆሚያቸዋለሽ? ፊትሽን አይደለም ሊማሩ የመጡት። ከትከሻሽ ኋላ አምጫቸው።»

ሐሳቡ ሲገባኝ ልቤ ዘለለ። ስድስት ቪዲዮ ሙሉ ሰውን እንደ እንግዳ ከፊቴ አስቀምጬ ስሠራ ነበር፤ ሙያ ግን እንደዚያ አልተማርኩም። አባቴ ሲያስተምረኝ ከኋላው አቁሞኝ ነው፣ አገጬን ትከሻው ላይ አድርጌ። «እሺ ቲቸር፣ ግን በኋለኛው ካሜራ ከቀረጽኩ ራሴን አላይም» አልኳቸው። «እኔ አይሻለሁ» አሉና እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ።

ማቀዝቀዣውን አጠፋን፤ ከመጀመሪያው እንዲታይ የተበላችውን ጎሚኒ መልሼ ገጠምኩና ውሃውን ለቀቅኩ። እኔ ሲንኩ ሥር ካለው መዝጊያ ፊት አጭር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሳልንበረከክ ስሠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቲቸር ከኋላዬ ቆሙ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው። ጀመርኩ። ገና «መዝጊያውን እንዲህ…» ስል «አቁሚ!» አሉ፣ የድሮ ተማሪዎቻቸው ፎቅ ላይ ሆነው ቢሰሙ ቀጥ ብለው የሚቆሙበት ድምፅ ነው። «‹እንዲህ› ምን ማለት ነው? የሚያየው ሰው ስልኩ ቢጨልምበትስ? ቃሉን ስጪው።» እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛውን እኔው ራሴ አበላሸሁት፣ ሰላምታ ውስጥ ገባሁ። ከሦስተኛው በፊት የምናገረውን በልቤ ደረደርኩና «ይጀምሩ» አልኳቸው።

«ባለፈው ባሳየኋችሁ ቪዲዮ ምክንያት የአንዲት እህት ቤት በውሃ ተጥለቅልቋል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዛሬ አስተካክላለሁ» አልኩ። ከዚያ እጄ ሥራውን ያዘ። መዝጊያውን ወደ ቀኝ፣ ሰዓት እንደሚዞርበት አቅጣጫ፣ እስኪቆም። «አልዞር ስላለ ብቻ ተዘግቷል አትበሉ፤ ተከፍቶ ያለቀም መዝጊያ አይዞርም። ቧንቧውን ክፈቱና ውሃው መቆሙን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈታው።» ያቺ ሴት የጎደላት ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ለእኔ ከመልመዴ የተነሣ ዕውቀት ሳይመስለኝ ቀርቶ ሳልናገረው አለፍኩት። ራሱን ፈታሁ፣ የተበላችውን ጎሚኒ አወጣሁ፣ አዲሷን አስገባሁ፣ መልሼ አጠበቅኩ፣ ውሃውን ለቀቅኩ። ቧንቧውን በትንሽ ጣቴ ዘጋሁት። ጠብ የምትል ነገር የለም። ማቆም እችል ነበር፤ ግን ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ቲቸርም ከኋላዬ አሉ። «አዲስ ቧንቧ ከመግዛታችሁ በፊት ጎሚኒዋን እዩ» አልኩ። «እኛ ሻጮችም ሳናይ ሞቷል ማለት የለብንም። እኔ ዛሬ ጠዋት እያወቅኩ ዝም ብያለሁ። ሁለተኛ ዝም አልልም።» ቲቸር ስልኩን ቀስ ብለው ዝቅ አደረጉ። ጀርባዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉኝ፣ ፈተና ያለፈ ልጅ እንደሚመታ።

ከመልቀቄ በፊት አምስት ጊዜ አየሁት። ጠባሳው በግራ አውራ ጣቴ ላይ ነው፣ እጄ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ብርሃኑ ቦታው ላይ ነው፣ ድምፄ የራሴ ነው። ቆንጆ ነው። ይሄን ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠየቅኩም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ለቀቅኩት፣ ቲቸርም በስልካቸው ለሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ ላኩት። «ብዙዎቹ የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው፣ አይቶ የማይጨርሰውን አውቀዋለሁ» አሉ።

ሱቅ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። መንገድ ላይ ልመልስለት ያሰብኩትን ንግግር ሁሉ አዘጋጅቼአለሁ፤ አባታችንን ጠርቼ፣ ጉልበቴን ጠርቼ፣ ሃያ አራት ዓመቴን ጠርቼ። ወንድሜ ባንኮኒው ውስጥ ቆሟል። የልጁ ስልክ ከፊቱ ተዘርግቷል፣ ልጅቷ ደግሞ ጥግ ላይ የተወለወለ መደርደሪያ ትወለውላለች። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። «ጎሚኒ ብቻ ነበረች» አልኩ። ከተዘጋጀው ንግግር ሁሉ የወጣልኝ እሷ ናት።

ካርቶኑን አላየውም። «‹እኛ› ብለሻል» አለ።

«አዎ።»

«‹እሱ› ማለት ትችዪ ነበር።»

«ዝም ያልኩት እኔ ነኝ ጋሼ።»

ውጭ መኪና ያልፋል፣ ጥግ ላይ የልጅቷ መወልወያ ጨርቅ ይሽከረከራል። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ አዲስ ነገር የሸጠ ሰው ቅሬታ አይመጣበትም ብሎ የሚያምን፣ ከዓመት ዓመት ሳይታወቀው ሌላ ሰው የሆነ ሰው ነው። እኔም አብሬው ስሠራ አላየሁትም። እጠላው እንደሆነ ልቤን ጠየቅኩት፤ አልጠላውም፣ ግን ከዛሬ በኋላ እሱን ፈርቼ አፌን አልዘጋም። ይህንን እሱም ያወቀው መሰለኝ። ካርቶኑን አነሣና መደርደሪያው ላይ ወደ ቦታው መለሰው። «የቲቸርን ገንዘብ ነገ ጠዋት ራሴ እወስድላቸዋለሁ» አለ፣ ጀርባውን እንደ ሰጠን። «አራተኛ ፎቅ ነው» አልኩት። «አውቃለሁ፣ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው» አለ።

ልንዘጋ ስንል አንድ ሰው እያለከለከ ገባ። የሥራ ልብሱን አላወለቀም፣ ስልኩን ከፍቶ ይዞታል፤ ስልኩ ላይ እጄ አለ፣ ወደ ቀኝ እየዞረ። የቲቸር የታች ቤት ጎረቤት ነው። «ይቺን ክብ ላስቲክ እዚህ ትሸጣላችሁ?» አለ። «ወር ሙሉ እየተንጠባጠበብኝ ነው፣ ዛሬ ራሴ ልሞክረው።»

ወንድሜ እኔን አየኝ፣ ሰውየውን አየ፣ መሳቢያዎቹን አየ። በአባታችን ጊዜ ከባንኮኒው ሥር ወደ ሻጩ ዞረው የተሠሩ አርባ ትንንሽ መሳቢያዎች ናቸው፤ ጎሚኒ በእጁ ከሸጠ ስንት ዓመት እንደሆነው እንጃ። እኔ ከባንኮኒው ማዶ፣ ከደንበኛው ጎን ቆሜአለሁ።

«የት ነው የምታስቀምጪው?» አለኝ።

«ከታች ሁለተኛው ረድፍ፣ በቀኝ በኩል።»

እጁን ዘረጋና መሃል ላይ አቆመው። ፊቱ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ያላየሁት ነገር ብቅ አለ፣ ፈገግታ ለመባል ትንሽ የቀረው።

«በማን ቀኝ?» አለ።

«በአንተ፣ ጋሼ» አልኩት። «በአንተ ቀኝ።»